መንገዱ ለአላፊው ነው ወይስ ለነዋሪው?

በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የምትገኘው ሃሚልተን በብረት ፋብሪካዎቿ የታወቀች የሠራተኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1956 የከተማዋ አስተዳደር የመሃል ከተማውን ዋና ዋና ጎዳናዎች በአንድ ጊዜ ዋን ዌይ አደረጋቸው። ሜይን ስትሪት ወደ ምሥራቅ ብቻ፣ ኪንግ ስትሪት ወደ ምዕራብ ብቻ ይነዳባቸው ጀመር። የትራፊክ መብራቶቹም እየተከታተሉ አረንጓዴ እንዲበሩ ስለተደረገ፣ ፍጥነቱን ጠብቆ የሚነዳ ሰው ፍሬን ሳይነካ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መውጣት ቻለ። ለዚያ ዘመን መሐንዲሶች ይህ ታላቅ ስኬት ነበር።

የስኬቱን ዋጋ የከፈሉት ግን መኪና ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። በ2000 በካናዳ የሕዝብ ጤና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከ1978 እስከ 1994 በሃሚልተን ጎዳናዎች ላይ በእግራቸው ሲሄዱ በመኪና የተገጩ ልጆችን መዝገብ መርምሯል። በአንድ አቅጣጫ ጎዳናዎች ላይ የልጆች የመጎዳት መጠን በባለሁለት አቅጣጫዎቹ ላይ ከታየው 2.5 እጥፍ ነበር። በጣም ድሃ በሆኑት ሰፈሮች የሚኖሩ ልጆች ደግሞ ከባለጸጋዎቹ ሰፈር ልጆች 3 እጥፍ ይበልጥ ተጎድተዋል። ከእነዚህ አኃዞች ተነስቶ ጥፋቱ ሁሉ የመንገዱ አቅጣጫ ነው ማለት አይቻልም። ድህነት፣ የመጫወቻ ቦታ እጦት፣ የጎዳናው ስፋት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ከከተማ ዳር ተነስቶ ወደ ከተማ ዳር የሚበረው መኪና በማን ደጅ እንደሚያልፍ አኃዙ በግልጽ ያሳያል።

ካለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ወዲህ በርካታ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያሉ የአንድ አቅጣጫ ጎዳናዎችን ወደ ቀድሞ ባለሁለት አቅጣጫነታቸው እየመለሱ ነው። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በመሐንዲስ ቋንቋ ነው፤ በሰዓት ስንት መኪና ያልፋል፣ በየመብራቱ ስንት ሰከንድ ይባክናል፣ አስፋልቱንና መብራቱን ለመቀየር ስንት ገንዘብ ይወጣል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አላፊ አግዳሚው ጥቂት ደቂቃ እንዲያተርፍ ነዋሪው ሰላሙን፣ አንዳንዴም የልጁን ሕይወት መክፈል አለበት ወይ? ይህን የሚመልስ የትራፊክ ቆጠራ የለም። የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና የሃይማኖት መጻሕፍትና ፈላስፎች ገና ድሮ አንስተውታል።

የሚያስገርመው፣ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ሲጀመር የችኩሎች መንገድ አልነበረም። በለንደን አልበማርል ስትሪት ላይ በሚገኘው ሮያል ኢንስቲቱሽን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ያስተምር ነበር። ትምህርቱን ለመስማት የሚመጣው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ሠረገሎቹ መንገዱን እየዘጉ ስላስቸገሩ፣ ጎዳናው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኬድበት ተወሰነ። በለንደን የመጀመሪያው የአንድ አቅጣጫ ጎዳና ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ያ ሥርዓት የወጣው ወደዚያ ቦታ ለሚመጡ፣ እዚያው ወርደው ለሚቀመጡና ለሚማሩ ሰዎች ሲባል ነው። ሰው የሚደርስበትን ስፍራ አክብሮ የወጣ ደንብ ነበር።

በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነገሩ ተገለበጠ። የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ከከተማ ወጥቶ በዳርቻ ሰፈሮች መኖር ጀመረ፤ ጠዋት ወደ መሃል ከተማ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። መሐንዲሱም ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህን መግቢያና መውጫ ማቅለል ነበር። በዴንቨርና በባልቲሞር ስሙን የተከለው ሄንሪ ባርንስ በኋላ የኒው ዮርክ ትራፊክ ኮሚሽነር ሆነ፤ ፊፍዝ አቬኑና ማዲሰን አቬኑ በ1966 የአንድ አቅጣጫ ጎዳና የሆኑት በእርሱ ዘመን ነው። ባርንስና ጓደኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የመኪና ግጭት እንዲቀንስ፣ ከተማዋ እንዳትታነቅ ከልባቸው የሠሩ ናቸው። ግን መንገዱን የሚለኩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምን ያህል መኪና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያሳልፍ። እዚያው ቆሞ የሚውለው ባለሱቅ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡት አሮጊት፣ መንገድ ተሻግሮ ዳቦ የሚገዛው ልጅ በዚያ ሚዛን ላይ አይወጡም ነበር።

እዚህ ላይ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ማንሳት ይገባል። ባልንጀራው ማን እንደሆነ ለጠየቀው የሕግ አዋቂ ጌታ የመለሰለት በመንገድ ታሪክ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው ጎዳና ላይ ወንበዴዎች አንዱን ሰው ደብድበው ጥለውታል። ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት አልፈው ሄዱ፤ የቆመው ሳምራዊው ብቻ ነበር። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን አባቶች የወደቀውን ሰው በአዳም፣ ሳምራዊውን በክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን መስለው ተርጉመውታል። ምሳሌው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ታሪኩ በቀጥታ ሲነበብም ስለ አላፊዎች ነው። ሦስቱም በአንድ መንገድ ሄዱ፣ ሦስቱም አንድ ሰው አዩ፤ የተለያዩት በመቆምና ባለመቆም ነው።

ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን፣ ይህንኑ ታሪክ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ፈተኑት፤ ውጤቱን ያሳተሙት በ1973 ነው። ተማሪዎቹ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ለአንዳንዶቹ የተሰጣቸው ርዕስ ይኸው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። በመተላለፊያው ላይ አንድ ሰው ተጎንብሶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል፤ ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ያስቀመጡት ሰው ነው። ገና ጊዜ አላችሁ ከተባሉት ተማሪዎች 63 ከመቶ ያህሉ ሰውየውን ረዱ። በሰዓቱ ድረሱ ከተባሉት የረዱት 45 ከመቶ ሲሆኑ፣ ዘግይታችኋል ሩጡ ከተባሉት የቆሙት 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሊያስተምሩ የሚሄዱት ስለ ሳምራዊው መሆኑ ያመጣው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም።

ይህ ጥናት ለአማኝ ሰው መራራ ነው፤ ከቃሉ ይልቅ ጥድፊያው በረታ። ሌላም ትምህርት አለው። ሰው የሚቆመው ወይም የሚያልፈው በልቡ ደግነት ብቻ ሳይሆን ሌሎች ባዘጋጁለት ሁኔታ ጭምር ነው። ተማሪዎቹን ያጣደፋቸው ሌላ ሰው ነበር። አሽከርካሪውንም የሚያጣድፈው መንገዱን የሠራው ሰው ነው። አራትና አምስት መስመር ባለው፣ ከፊት የሚመጣ መኪና በሌለበት፣ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ እየሆነ በሚቀበለው ጎዳና ላይ ደጉም ሰው ይፈጥናል። ፍጥነት ሲጨምር ዓይን ዳር ዳሩን ማየት ይተዋል። ከዚያም ሌላ አደጋ አለ፤ በአንዱ መስመር ያለው ሾፌር ለእግረኛ ሲቆም ከጎኑ የሚመጣው እግረኛው ስለሚከለልበት ሳያየው ያልፋል። በዜብራ ላይ ሕፃናት ከሚገጩባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተመታ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ 50 እና 60 ሲደርስ የመሞት ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ስለዚህ ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ አሽከርካሪ ብቻ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። መንገዱን ለሚቀይሰው መሐንዲስም፣ በጀቱን ለሚያጸድቀው የምክር ቤት አባልም ተሰጥቷል። ካህኑና ሌዋዊው ሳያስቡት እንዲፈጥኑ የሚያደርግ ጎዳና የሚሠራ ሰው የእነርሱን ጥፋት ይካፈላል።

በ1961 ሁለት መጻሕፍት ታተሙ። አንዱ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ሌቪናስ ስለ ፍጻሜ አልባነት የጻፈው ታላቅ ሥራ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሥነ ምግባር የሚጀምረው ከሌላው ሰው ፊት ጋር ፊት ለፊት በመገናኘት እንደሆነ ያስረዳል። ሁለተኛው ጄን ጄከብስ ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ሞትና ሕይወት የጻፈችው ነው። እርሷ ፈላስፋ አልነበረችም፤ በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ የምትኖር ጋዜጠኛና እናት ነበረች። ጎዳናን ሰላም የሚያደርገው ከፖሊሱ ይልቅ በመስኮትና በሱቅ ደጅ ያለው የሰፈርተኛ ዓይን መሆኑን አሳየች። ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚነጋገሩ አልነበሩም፤ ግን አንዱ የሌላውን ያሟላል። በዋን ዌይ ጎዳና ላይ ሾፌሩ የሚያየው የመኪና ጀርባ ነው። ከፊት ለፊቱ ሰው መምጣት ሲጀምር ግን ሌላው ሰው ራሱ መንገዱን ይጋራዋል። መኪናው ቀስ ይላል፣ ባለሱቁ ይታያል፣ እግረኛውና ሾፌሩ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ።

የእስልምና ሐዲስም በዚህ ነገር ላይ ግልጽ ነው። በአቡ ሰዒድ አል ኹድሪ በኩል በተላለፈውና ቡኻሪና ሙስሊም በመዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦቻቸው መንገድ ላይ ከመቀመጥ እንዲቆጠቡ ሲነግሯቸው፣ ባልደረቦቹ የሚጨዋወቱት እዚያ ስለሆነ መተው እንደሚቸግራቸው ተናገሩ። ነቢዩም እንግዲያው ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡ አዘዙ፤ ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ ሰውን አለመጉዳት፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከክፉ መከልከል። የመንገድ ሐቅ የሚለው አስተሳሰብ ጥልቅ ነው። መንገድ ሰዎች የሚቀመጡበትና የሚጨዋወቱበት ስፍራ መሆኑ እዚያ ላይ አልተካደም፤ ተቀምጦ መጨዋወትም ማለፍም በአንድ ሥነ ምግባር ሥር ገቡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ለሰላምታ ምላሽ መስጠት አይችልም። ሰላምታው ራሱ አይደርሰውም።

የአይሁድ ሚሽና ደግሞ በክንድ ለክቷል። የግለሰብ መንገድ 4 ክንድ፣ የሕዝብ መንገድ 16 ክንድ ይሁን ይላል፤ ወደ መማጸኛ ከተማ የሚወስደው መንገድ 32 ክንድ እንዲሆን ደግሞ ታልሙድ ይጨምራል። የንጉሥ መንገድ ልክ የለውም፤ አስከሬን ሸኝተው ወደ መቃብር የሚሄዱ ሰዎች መንገድም ልክ የለውም። ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ከደም ተበቃይ ሸሽቶ የሚጠጋባቸው ከተሞች ስድስት ነበሩ። ወደዚያ የሚሮጠው ሰው መንገድ እንዳይስት በየመስቀለኛው የአቅጣጫ ምልክት ይቆምለት እንደነበር ታልሙድ ያስረዳል። ፍጥነት የተፈቀደው ሕይወት ለማዳን ሲሆን ነው፤ ስፋትም ለሐዘንተኛ ተሰጥቷል። ለነጋዴው ጥድፊያ ተብሎ የሕዝቡ መንገድ በእጥፍ አልሰፋም።

ይህ ሕግ ለፈጣኑ መንገድ ጠበቆችም የሚሆን ቃል አለው። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የዘመናችን የመማጸኛ ከተማ ተጓዦች ናቸው፤ መንገዱ ሲጠብ የሚዘገዩት እነርሱም ናቸው። የአንድ አቅጣጫ መስቀለኛ መንገድ የሚጋጩ መኪኖችን መስመር እንደሚቀንስ፣ እግረኛውም ወደ አንድ ወገን ብቻ ተመልክቶ መሻገር እንደሚችል መሐንዲሶች ያስረዳሉ፤ እውነት አላቸው። ጠባብ በሆኑ የድሮ ጎዳናዎች ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ መኖሩ ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ ሊያስተርፍ ይችላል፤ በዚያ ቦታ መመለሱ አይጠቅምም። የሚቸኩለው ሾፌርም ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ኢትዮጵያዊ፣ ሌሊት ሠርታ ልጇን ከሞግዚት ለመውሰድ የምትጣደፍ ነርስ፣ ደቂቃቸው እንጀራቸው ነው።

በዚህ ላይ የሃርቫርዱ ፈላስፋ ቲ. ኤም. ስካንሎን በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ ያቀረበው ምሳሌ ይረዳል። በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ማሠራጫ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በአንድ ሠራተኛ ክንድ ላይ ወድቋል፤ ሕመሙ ከባድ ነው። እርሱን ለማውጣት ሥርጭቱን ለ15 ደቂቃ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሕዝብ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ እየተመለከተ ነው። የተመልካቹ ትንንሽ ደስታ ተደምሮ የሰውየውን ስቃይ ይበልጣልን? ስካንሎን አይበልጥም ይላል። የእያንዳንዱ ተመልካች ቅሬታ ለብቻው ሲታይ ከሠራተኛው ቅሬታ ጋር አይወዳደርም፤ ተመልካቾቹ ምንም ያህል ቢበዙ የሚደመር አንድ ትልቅ ሕመም የለም።

የትራፊክ ስሌት ደግሞ የሚቆመው በመደመር ላይ ነው። ሃያ ሺህ መኪና እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ቢዘገይ በቀን ከ160 ሰዓት በላይ ጠፋ ይባላል። ግን ያን 160 ሰዓት ያጣ አንድም ሰው የለም። ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ያጡ ሰዎች ናቸው ያሉት። ልጁን ያጣው ግን አንድ ቤተሰብ ነው፤ ያጣውም ሙሉውን ነው። በእርግጥ የአደጋ ስጋት በሁሉም ላይ በጥቂቱ ሲበተን ጉዳዩ እንደሚወሳሰብ ስካንሎን ራሱ ያውቃል፤ መኪና የሚባል ነገር ሁሉ ይቅር የሚል የለምና። የመንገድ ስጋት ግን በሁሉም ላይ እኩል አልተበተነም። የሃሚልተኑ ጥናት እንዳሳየው በአንድ ወገን፣ በድሃው ሰፈር ላይ ተከማችቷል፤ ትርፉም ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ታክሲ ነጂውና ነርሷ የሚያጡት ሠላሳ ሰከንድ እውነተኛ ኪሳራ ነው። ቢሆንም ከዚያ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

ደግሞም ኪሳራው ሁልጊዜ የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ካርሎስ ዳጋንዞና ቪካሽ ጋያ የተባሉ የትራንስፖርት ምሁራን እንዳስረዱት የአንድ አቅጣጫ መረብ ሾፌሩን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደዋል። አጠገቡ ያለ ቤት ለመድረስ ብሎኩን መዞር አለበት። ጉዞዎቹ አጫጭር ሲሆኑ፣ በተለይ የግራ መታጠፊያው በልክ ከተያዘ፣ ባለሁለት አቅጣጫው መረብ ብዙ ሰው ወደሚፈልግበት ሊያደርስ ይችላል። መኪና ማሳለፍና ሰው ማድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ብሩክ ስትሪትና ፈርስት ስትሪት በ2011 ወደ ባለሁለት አቅጣጫ ተመለሱ፤ አጎራባቾቹ ሰከንድና ሰርድ ስትሪት ባሉበት ቀሩ። ጆን ጊልደርብሉምና ዊልያም ሪግስ ጎን ለጎን ሲያነጻጽሯቸው የመኪና ግጭት በብሩክ በ36 ከመቶ፣ በፈርስት በ60 ከመቶ ቀንሶ ነበር፤ ያውም በሁለቱም ላይ የሚያልፈው መኪና ጨምሮ። ወንጀልም ቀነሰ፣ የቤቶቹም ዋጋ ከፍ አለ። ጥናቱ የአንድ ሰፈር ነው፤ ለዓለም ሁሉ ሕግ አይሆንም። በዋሽንግተን ግዛት ያለችው ቫንኩቨርም መሃል ከተማዋን ለማንቃት ብዙ ገንዘብ አፍስሳ ብዙም ሳይሳካላት ከቆየች በኋላ፣ በ2008 መጨረሻ የገንዘብ ቀውሱ በበረታበት ሰሞን ሜይን ስትሪቷን ባለሁለት አቅጣጫ አደረገች። አስፋልቱ ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ፣ ምልክትና መብራት ተተከለ፤ ባለሱቆቹም ለውጡን ወዲያው እንዳዩት ተናገሩ። ሃሚልተንም ጄምስ ስትሪትን በ2002 መለሰች። ሰሜናዊው ክፍል ዛሬ የሥዕል ቤቶችና የወር ምሽት ዝግጅቶች ጎዳና ነው።

የቤት ዋጋ መጨመር ግን እንደ ደስታ ዜና ብቻ መቆጠር የለበትም። ጎዳናው ሲያምር ኪራይ ይወደዳል፤ ሃምሳ ዓመት ጭሱንና ጩኸቱን የታገሠው ተከራይ ሰላሙ ሲመጣ ሊባረር ይችላል። ይህ ከመጀመሪያው በደል የማያንስ በደል ነው። መንገዱን የሚመልስ ምክር ቤት በዚያው ስብሰባ ስለ ኪራዩም መነጋገር አለበት፤ ካለዚያ የሚመለሰው ጎዳናው ብቻ ይሆናል፣ ነዋሪው አይመለስም።

የሃሚልተን ምክር ቤት እግረኞች ተገጭተው መሞታቸው ሲደጋገም በ2022 ሜይን ስትሪትን ወደ ባለሁለት አቅጣጫ ለመመለስ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ዘግይቷል እንጂ። እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት ነዋሪው በሚጠራበት የሕዝብ ስብሰባ ነው። ወደ ስብሰባው አብዝተው የሚመጡት ጊዜና መኪና ያላቸው ናቸው። በእነዚያ ከተሞች የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ጥሪው ወደ ሰፈርህ ሲደርስ ሂድ፤ መሻገር ስለሚፈራው ልጅና ስለ ሽማግሌው ተናገር። ኪራዩም እንዳይረሳ ጠይቅ።